በመቀነቴ ስለምይዘው ሰንጢ

ይድረስ በአዋሽ ዳር፣ በመልካ ወረር የጥጥ እርሻ ለሚገኘው ለወንድሜ ለይታየው።

ወንድም ዓለሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? የቆላው ሙቀት እንዴት አድርጎ ይዞሃል? አምና አልጋ ላይ የጣለህ ወባ ዘንድሮስ ረሳህ ወይ? ባለቤትህ እፀገነት እንዴት ናት? ወገቧን ያማት የነበረው ተሻላት? ልጅህ ምንተስኖትስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? ቁመቱ ትከሻዬ ደርሷል ብለህ የጻፍከውን ለእናታችን ባነበብኩላት ጊዜ፣ ተነስታ ግድግዳውን በእጇ ለክታ «እዚህ ጋ መሆኑ ነው» ብላ ቦታውን ስትዳብስ ቆየች። ከዚያ ወዲህ እዚያ ግድግዳ ላይ ዕቃ እንዳይሰቀል ከልክላለች።

እኛ አምላከ ጊዮርጊስ ይመስገን ደህና ነን። ቁሩ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። ገብሱ ግን ውርጩን ቀድሞ ደርሶልናል። እናታችን ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ እንደ ድሮው ነው፤ በጎቹ ሲገቡ በድምፃቸው ለይታ «አንዷ ቀርታለች» ትለኛለች፣ ወጥቼ ሳይ እውነቷን ነው።

ደብዳቤህ ጥቅምት ሃያ አምስት ቀን በሞላሌ በኩል ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ደነገጥኩ፣ በሁለተኛው አዘንኩ፣ በሦስተኛው ሳቄ መጣ። «ሸዋንዳኝ ለጥጥ ለቀማ መጥቶ፣ እህትህ ሰንጢ በመቀነቷ ሸጉጣ ነው የምትሄደው አለኝ። ከማን ተጣላሽ? በመሬቱ የመጣብሽ ሰው አለ? ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄ ልምጣ ወይ?» ብለሃል። ይህን የጻፍክበትን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደህ አውቃለሁ፤ አዝዬ ያሳደግኩህ እኔ ነኝና የጽሑፍህን መንቀጥቀጥ አላጣውም።

ሸዋንዳኝ አልዋሸህም፤ ሰንጢ አለኝ። ግን እሱ ከዚህ የወጣው በነሐሴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን አላየም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ባለህበት አገር ወንዱ ሁሉ ጊሌ የሚሉትን ክንድ የሚያህል ጩቤ በወገቡ ታጥቆ ይውላል፤ ከነሱ ጋር ወተት ትጠጣለህ፣ ትስቃለህ፣ ልጅህን ይባርኩልሃል። የኔ መካከለኛ ጣቴን የምታህል ሰንጢ ናት እንዴ እንቅልፍ የነሳችህ?

ባለቤቴ ጫኔ ከሞተ ወዲህ ወደ እናታችን ቤት መመለሴን ታውቃለህ። ለተዝካሩ ወንድሞቹ መጥተው «የወንድ ዕቃ ለወንድ ነው» ብለው ካራውንም ካፖርቱንም ሲወስዱ ዝም አልኩ። ተፈጥሮዬን ታውቃለህ፤ ነገር ከአፌ የሚወጣው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። እዚህ እናታችን ቤት ደግሞ ያለው አንድ ጫፉ የተሰበረ የጎመን ቢላ ብቻ ነበር፣ እሱም ከጓዳ አይወጣም። ሥራ ግን ጓዳ ድረስ መጥቶ አይጠብቅህም። የበግ እግር ገመድ ሲጠመጠምበት ሜዳ ላይ ነው፤ የጆንያ አፍ የሚፈታው ገበያ ላይ ነው፤ የበግ ኮቴ ረዝሞ ሲያነክሳት ዳገት ላይ ነው።

እናም ለእያንዳንዱ ነገር ወደ ጎረቤታችን ወደ ደመላሽ ቤት ካራ ልዋስ እሮጥ ነበር። ደመላሽ ክፉ ሰው አይደለም። የሱን በሬ ከኛ በሬ ከዳልቻ ጋር አቀናጅቶ የሱንም የኛንም መሬት የሚያርሰው እሱ ነው። ሚስቱ መስታወት ግን ምላሷን ታውቃታለህ። አንድ ቀን ውኃ ልንቀዳ ምንጩ ጋ ተሰብስበን ሳለ «ወሰንየለሽ፣ የኛን ካራ ለምን አታገቢውም? ካንቺ ጋር የሚያድርበት ቀን ይበልጣል» አለችኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እንስራዬን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ ግን አልሳቅኩም።

ቁርጤን ያወቅኩት በሚያዝያ ነው። አንዲት የመጀመሪያዋን ልትወልድ የደረሰች በግ የታሰረችበት ገመድ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠለጠለች። ቋጠሮው በክብደቷ ጠብቆ በጥርሴም አልፈታ አለኝ። ሮጬ ካራ ተውሼ ስመለስ ዓይኗ ፈጥጦ ነበር። በክት ሆነች። አራጅ ሳይደርስላት የሞተችን በግ ምን ታደርጋታለህ፤ ቆዳዋን እንኳ ሳልገፍ በእጄ ቀበርኳት። ለአንዲት ክር ብቻ ነበር እኮ፣ ወንድሜ! የጣት ርዝመት ያለው ስለት ቢኖረኝ ሁለት ነፍስ ነበር የሚተርፈው። በዚያው ቀን ከእንግዲህ ብረት አልዋስም አልኩ።

በመጀመሪያው ገበያ ለማየት ብቻ ወደ ሞላሌ ወጣሁ። ሰንጢ የሚሸጠው አንድ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ሸራ ዘርግቶ የባትሪ ድንጋይ፣ ማበጠሪያ፣ ጓጉንቸር፣ መርፌ ይደረድራል። «እታለም፣ ለባለቤትሽ ነው ለወንድምሽ?» አለኝ። ለራሴ ነው አልኩት። «ለራስሽ? ምን ልታደርጊበት?» ሲለኝ፣ እንደ ሰው ሁሉ ልቆርጥበት ነዋ አልኩት። አጠገቡ በግ ይዞ የቆመ አንድ ሰውዬ «ዋ! ዋጋ ከቆለልክባት በራስህ ሰንጢ ነው የምትወጋህ» ብሎ ገበያውን አሳቀብኝ። አልሄድኩም። ቁጢጥ ብዬ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያቀረበልኝ ቀይ የሚያብለጨልጭ ነው። ሰባት ነገር በአንድ እጀታ ታጭቆበታል፤ ማንኪያ፣ ሹካ፣ የጠርሙስ መክፈቻ፣ መጋዝ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው። «ይህ ካለሽ ቤት አያስፈልግሽም» አለኝ። ማንኪያ ቤቴ አለ፤ የሚከፈት ጠርሙስ የለኝም፤ መጋዙ ጭራሮ እንኳ አይቆርጥም። ዋናው ስለት ግን ከሁሉም ቀጭን ሆኖ በአውራ ጣቴ ስጫነው ጎበጠ። የሰባት ሰው ሥራ እችላለሁ ብሎ የሚቀጠር አሽከር የአንዱንም አይጨርስም ብዬ መለስኩለት። ቀጥሎ ያሳየኝ ቁልፉን ሲጫኑት «ቀጭ» ብሎ የሚፈናጠር ነው። ጎረምሶቹ የሚወዱት እሱን ነው፤ ድምፁ ደስ ይላል። ነገር ግን ጎንበስ ስል በመቀነቴ ውስጥ ቢፈናጠርስ? ደግሞስ እንዲህ ያለው ሰው ለማስደንገጥ እንጂ ገመድ ለመቁረጥ የተሠራ አይደለም። አንተ የፈራኸው ይህኛውን ይመስለኛል። አልገዛሁትም፣ ልብህ ይረፍ።

ከሸራው ጥግ አቧራ ለብሰው የተኙ ደግሞ ነበሩ፤ እጀታቸው ጥቁር እንጨት፣ ስለታቸው አንድ፣ ጌጥ የላቸውም። ዋጋቸው የቀዩን ግማሽ አይሞላም። «እነሱ የበግ ጠባቂ ናቸው፣ ይቅሩብሽ» አለኝ። እኔስ የበግ ጠባቂ እንጂ ምንድን ነኝ? ልቤ ወደነሱ አደላ። ግን ርካሽ የሆነው መጥፎ ስለሆነ ይሁን ጌጥ ስለሌለው ብቻ ለይቼ ማወቅ አቃተኝ። በዚያ ቀን ባዶ እጄን ተመለስኩ።

መንገዴን ግን በባለእጁ በበዕውቀቱ በኩል አደረግኩ። ማረሻችንን የሚያበጅልን እሱ ነው። ሰው ዓይኑን እንደሚሸሸው፣ ቤቱም እህል እንደማይቀምስ ታውቃለህ፤ ያለሱ እጅ ግን አንድ ትልም የሚያወጣ የለም። እኔ ወናፉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና የሚታጠፍ ሰንጢ ትሠራልኛለህ ወይ አልኩት። እሺ ብሎ ገንዘቤን መውሰድ ይችል ነበር። «ካራ በይኝ፣ ማጭድ በይኝ፣ ዛሬውኑ ይዘሽ ትሄጃለሽ። የሰንጢ ነፍሱ ግን ማጠፊያው ላይ ነው። ያንን የሚችል ብረት እኔ ዘንድ የለም። ዋሽቼ ብሠራልሽ አንድ ቀን ጣትሽ ላይ ይታጠፍና ትረግሚኛለሽ» አለኝ። እስከ ዛሬ ሻጭ እንዲህ ያለ እውነት ነግሮኝ አያውቅም።

ከዚያም አመራረጡን አስተማረኝ። ዘርግተሽ ጆሮሽ ሥር አርገፍግፊው፤ ካወራ ተይው አለ። አጥፈሽ ወደ ፀሐይ አንሽው፤ ጫፉ ከእጀታው ወጣ ካለ መቀነትሽንም ጣትሽንም ይበላል አለ። ከጀርባው የምትቆልፈው ትንሽ ምላስ እንድትኖረው፣ ዘርግተሽም ጀርባውን እንጨት ላይ በኃይል ስትጫኚው እንዳይታጠፍ ፈትኚ አለኝ። «በአንድ እጅሽ መዘርጋት ካልቻልሽ ደግሞ ሰንጢ የለሽም በይ። የተቸገርሽ ቀን አንዱ እጅሽ ገመድ ይዟል» አለኝ። ይህችኛዋ ነገር ልቤ ውስጥ ገባች፤ የበጓን ቀን አስታወሰችኝ። ስለቱ ደነዝ ቢሆን አትናቂው፣ መሳል ያንቺ ሥራ ነው፤ እንደ ብር የሚያብለጨልጨው ግን ድንጋይ አይወድም፣ አንዴ ከደነዘ ደነዘ ነው ብሎ ሸኘኝ።

በሁለተኛው ገበያ የፈተልኩትን ሱፍ ለባና ሠሪዎቹ ሸጬ ቀጥታ ወደ ሸራው ሄድኩ። ጥቁር እጀታ ካላቸው አምስት ነበሩት። የመጀመሪያው ጆሮዬ ሥር አወራ። የሁለተኛው ጫፍ ብቅ ብሎ ነበር። ሦስተኛውን የሸራው ካስማ ላይ ስጫነው እጥፍ አለ። ወታደሩ ሲያየኝ ቆይቶ «እታለም፣ ሚስት ነው እንዴ የምትመርጪልኝ?» አለ። ሚስትማ ብትሆን እንዲህ አልመረምራትም ነበር፣ ቆይታ ትለምዳለች አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ! ገበያው እንደገና ሳቀ፤ በዚህኛው ግን ከኔ ጋር ነው የሳቀው። አራተኛው አላወራም፣ ጫፉ ተደብቋል፣ ብጫነው ብጫነው አልታጠፍ አለ፤ በአውራ ጣቴም ገፋ ሳደርገው ተዘረጋ። ከጠራው ላይ ሦስት ብር አስቀንሼ በአሥራ ሁለት ብር ወሰድኩት። ወታደሩ ብሩን እየቆጠረ «ክፍለ ጦራችን ውስጥ አንቺን የመሰለ ንብረት ተረካቢ ቢኖር ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ቤት አምጥቼ በወንዝ ድንጋይ በውኃ እያራስኩ ሦስት ቀን ሳልኩት። ማጠፊያውን ቅቤ ቀባሁት። በራሴ የፈተልኩት ጥቁር የሱፍ ክር አስሬ በመቀነቴ እጥፋት ውስጥ አኖርኩት። ወንድሜ፣ በሰው ፊት የማልናገረውን ላንተ ልናገርና፣ ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለራሴ ብዬ፣ በራሴ ላብ፣ በራሴ ዓይን መርጬ የገዛሁት የመጀመሪያው ዕቃ እሱ ነው። አሁን የድንች ዘር ስከፍል በሱ ነው፤ የበጎቹን ኮቴ የማስተካክለው፣ የጆንያ ክር የምበጥሰው፣ ከእናታችን እግር እሾህ የማወጣው በሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ብቻ አልይዘውም፤ ቤት አስቀምጬው እሄዳለሁ።

እናታችን ግን ተቆጣች። «ሴት ልጅ ብረት ስትታጠቅ ከቅድመ አያቶቼ ጀምሮ አልሰማሁም» አለች። በሱ የከተፍኩትን ጎመን አሽትታ እየለየች አንድ ሳምንት ሙሉ አልበላም አለች። መስታወትም ምንጩ ጋ «ወሰንየለሽ ልትሸፍት ነው፣ ስንቅ አዘጋጁላት» ብላ አዋጅ አስነገረች። ሸዋንዳኝ ይዞልህ የመጣው ወሬ እንግዲህ ይህ ነው፤ ከምንጭ የተቀዳ ነው።

አሁን እሱ ያላየውን ልንገርህ። መስከረም ሃያ አንድ፣ ብዙኃን ማርያም ነበር። በዓል ስለሆነ በሬ አልተጠመደም፤ ወንዱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዋዜማው ሲዘንብ አድሮ ሜዳው ላይ የማገጡ ሣር ለምልሞ ውኃ አቅሯል። እርጥብ ማገጥ ከብት እንደሚነፋ ልጅ ሳለህ የተመታህበት ነገር ነውና አልነግርህም። ዳልቻ ችካሉን ነቅሎ ሲጠግብ አርፍዷል። ከቅዳሴ ስንመለስ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ አፉ አረፋ ደፍቆ፣ አራት እግሩን በርግዶ ቆሞ አገኘነው።

ዳልቻ ለኛ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ያለን በሬ እሱ ነው። እሱ ከሌለ ደመላሽ የሚያቀናጀው ፍለጋ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፤ የኛ መሬት ለእኩል ይሰጣል፤ ከሚመጣው ገብስ ግማሹ ለሌላ ሰው ጎተራ ነው። የቀረው ግማሽ እናታችንንና እኔን እስከ ሰኔ አያደርሰንም። ይህን እያሰብኩ ቤት ገብቼ ሰንጢዬን በመቀነቴ ሸጎጥኩ፣ የኑግ ዘይት አምጥቼ አጠጣሁት፣ አፉ ውስጥ እንጨት አስረን ዳገት ለዳገት ነዳነው። አልሆነም። ደጃችን ሲደርስ ተንበረከከና ተኛ።

ደመላሽ ካራውን ስሎ መጣ። ዓይኑ እንባ አቅሯል፤ የሱም በሬ ጓደኛ ማጣቱ ነውና። «ወሰንየለሽ፣ ነፍሱ ሳይወጣ ልባርከው። ቅርጫ ካደረግነው ሰው ተካፍሎ ግማሽ በሬ የሚገዛ ይሰጥሻል። ከሞተ ግን በክት ነው፣ የጅብ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ሰዉ ግን ከወዲሁ በልቡ ሥጋውን መከፋፈል ጀምሯል። አንዱ ሽማግሌ «መስቀል ገና ማለፉ ነው፣ ኪሴ ባዶ ነው፣ ሽንጥ አልችልም፤ ከጎድኑ ትንሽ» ሲሉ ሰማኋቸው። በሬው ገና እያየን ነው እኮ።

እኔ ደግሞ የማውቀው አንድ ነገር ነበር። ፊደል የለየሁት ከጨው መጠቅለያና ከተጣለ ጋዜጣ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ወረቀት አልጥልም። ካቻምና ጨው የተጠቀለለበት አንድ ቅጠል ስለ ከብት ጤና የሚናገር ነበር። የተነፋ ከብት ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል፣ በግራ በኩል ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ያለው ጎድጓዳ ላይ ተወግቶ ትንፋሹ ይወጣለታል ይላል። ከዚያ በታች ያለው ተቀዷል። አምና የበግ ክትባት ሊሰጥ የመጣውን የእንስሳት ሐኪም ወረቀቱን አሳይቼ የቀረውን ብጠይቀው፣ ጣቴን ይዞ በግ ላይ ቦታውን አሳየኝ። «በመጨረሻው ሰዓት ብቻ ነው፤ ሊሞትም ይችላል» ብሎኛል።

አትረደው፣ እወጋዋለሁ አልኩ። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ ተነሳብኝ። የሴት እርድ እንደማይበላ ታውቃለህ። የኔ ስለት ገብቶበት ከሞተ ደመላሽ ቢደርስ እንኳ ሥጋውን የሚቀምስ የለም፤ ቅርጫውም ቀረ ማለት ነው። «ሴት ብረት ያገባችበትን ማን አፉ ያደርሳል?» ይላሉ። ደመላሽ ክንዴን ያዘኝ። «ሁለቱንም ልታጪ ነው፣ በሬውንም ሥጋውንም» አለኝ። ልክ ነበር። አልዋሽህም፣ እረደው ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

ያን ጊዜ እናታችን በበሩ ላይ በዱላዋ ተደግፋ «በሬው የማን ነው?» አለች። «ደመላሽ፣ አንተን ነው፤ በሬው የማን ነው?» አለች እንደገና። «የሷ ነው፣ እማማ ጥሩሸዋ» አላት። «እንግዲያውስ እጇን ልቀቅ» አለች። ያቺ ጎመኔን አልበላም ያለች ሴትዮ ናት!

በግራ እጄ ጎድጓዳውን ዳብሼ ቦታውን ያዝኩ። ያ እጄ ከዚያ እንዳይነሳ ነበርና፣ ሰንጢውን በቀኜ ከመቀነቴ አውጥቼ በአውራ ጣቴ ዘረጋሁት። በዕውቀቱን በልቤ መረቅኩት። በስመ አብ ብዬ ወጋሁ። ቆዳው አልገባ አለ፤ የበሬ ቆዳ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ሰውነቴን ጭኜ ገፋሁት፤ እስከ እጀታው ጠለቀ። የያኔው የገበያ ሦስተኛው ሰንጢ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍበት ጣት አይኖረኝም ነበር። ይህኛው ፍንክች አላለም። ከዚያ ትንፋሹ እንደ ወናፍ እየጮኸ ወጣ፤ ሽታው አይነገርም፣ አረንጓዴው አረፋ ፊቴንም የክት ነጠላዬንም አለበሰኝ። ስለቱን ሳላወጣ፣ ቀዳዳው እንዳይዘጋ ጠምዘዝ አድርጌ ይዤው፣ መስታወትን የእስክሪብቶዬን ባዶ ቀፎ ከመደቡ ላይ አምጪልኝ ብዬ ጮህኩባት። እኔ በሰው ላይ ስጮህ ሰምተህ ታውቃለህ? መስታወት አንዲት ቃል ሳትመልስ ሮጣ አመጣችው። ቀፎውን ቀዳዳው ውስጥ አቆምኩት፤ ያፏጭ ጀመር። እኒያ የጎድን ሽማግሌ «በል እንግዲህ፣ በሬው ለማርያም እምቢልታ ነፋ» ሲሉ ሰዉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሳቀ፤ ያኔ ነው የዳነ መሆኑን ያወቅኩት። ጎኑ እንደ ተፈታ አቁማዳ ቀስ እያለ ወረደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ራሱን ቀና አደረገ፣ ቀጥሎ በጉልበቱ፣ ቀጥሎም ቆመ። የመጀመሪያዋን እልልታ ያሰማችው መስታወት ናት።

በማግስቱ ሐኪሙን ከሞላሌ ደመላሽ ራሱ ሄዶ አመጣው። ቁስሉን አጥቦ መርፌ ከወጋው በኋላ «ማነው የወጋው? ቦታውን አልሳተም» ብሎ ወንዶቹን አየ። ደመላሽ በጣቱ ወደኔ አመለከተ። እኔ በጎቹን የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ፤ ወንድሜ፣ ፊቴ ላይ የነበረውን ሰው እንዲያየው አልፈለግኩም። በሦስት ሳምንት ቁስሉ ደረቀ፤ ዛሬ ዳልቻ ጠባሳው ላይ ፀጉር አብቅሏል።

ባለፈው እሑድ ደመላሽ መጥቶ ተቀመጠ። ጠላ ቀዳሁለት። አንድ ሁለት ከጎነጨ በኋላ ስለ በልግ እርሻ አነሳ። በሬ ሲቀናጅ ቀድሞ የሚታረሰው ሞፈር የያዘው ሰው መሬት ነው፤ የባል የለሽ ሴት መሬት መጨረሻ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ገብሳችን መሬቱ እርጥበቱን ከጣለ በኋላ እየተዘራ ሰው እሸት ሲበላ የኛ ገና ቅጠል ነው። ይህን ማንም በክፋት አያደርገውም፤ ልማድ ስለሆነ ነው። ደመላሽ ዋንጫውን አስቀመጠና «ለመጪው በልግ መጀመሪያ የሚታረሰው ያንቺ መሬት ነው። ከመስታወትም ጋር ተነጋግረናል» አለኝ። እኔ ዋንጫውን አንስቼ ደግሜ ሞላሁለት። እናታችን «ዘሩን ማበጠር ጀምሪ» ብላ መለሰችልኝ።

ስለዚህ ከማንም አልተጣላሁም፤ በመሬቱም የመጣብኝ የለም። ከአለቃህ ፈቃድ ከጠየቅክ ግን ለየካቲት መግቢያ ይሁንልኝ። ለሽምግልና አትምጣ። የመጀመሪያው ትልም ከሰው ሁሉ ቀድሞ በአባታችን መሬት ላይ ሲወጣ ቆመህ እንድታይ ና።

እናታችን ጉንጩንም ግንባሩንም ሳመችው በይልኝ ብላለች፤ ምንተስኖትን ግድግዳው ድረስ መጥተህ ተለካ ትለዋለች። ለእፀገነት ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፤ ለወገቧ የምትታጠቀው አንድ ሰፊ የሱፍ መቀነት ፈትዬ አሸምኜላታለሁ፣ ሙቀት ነው ብላ እንዳትስቅብኝ። ደመላሽና መስታወት ሰላም ይሉሃል፤ መስታወት «ለወንድምሽ ስለኔ ክፉውን ሁሉ ጽፈሽ ደጉን አስቀሪ» እያለች በትከሻዬ ላይ ታያለች፤ ማንበብ ስለማትችል እልልታዋን እንደጻፍኩት አታውቅም። ሸዋንዳኝንም ሰላም በልልኝ። አልተቀየምኩትም፤ ግማሹን ወሬ እሱ ስለጀመረው የቀረውን ግማሽ ለለቃሚዎቹ ሁሉ እሱው ይጨርስላቸው።

እህትህ ወሰንየለሽ፣
መንዝ ማማ ምድር፣ ከሞላሌ በላይ፣
ኅዳር 3 ቀን 1996 ዓ.ም.